የገንዳው ውሃ ሞቀ፤ ጭሱስ በየት ወጣ?

ከወረታ ተነስቶ ወደ አዲስ ዘመን የሚያመራ ነጋዴ ይፋግ ሲደርስ ወፍጮ ቤት አያጣም። በናፍጣ የሚሠራ ወፍጮ ባለበት ከተማ ሁሉ ደግሞ አንድ የማይቀር ነገር አለ፤ ከግድግዳው ወይም ከጣሪያው ቆርቆሮ በላይ ብቅ ያለ፣ ጥላሸት የለበሰ ቱቦ። ባለወፍጮው ኢንጂነር አልቀጠረም፤ የህንፃ አዋጅም አላነበበም። ሆኖም ሞተሩን ከመትከሉ በፊት ጭሱ በየት እንደሚወጣ ወስኗል። ምክንያቱ ቀላል ነው። የናፍጣ ጭስ ይታያል፣ ይሸታል፣ ዓይን ያቃጥላል። ቤቱን ጭስ ከሞላው እህሏን ተሸክማ የመጣችው ደንበኛ በሚቀጥለው ሳምንት ወደ ጎረቤት ወፍጮ ትሄዳለች። ባለወፍጮውን የሚቀጣው መንግሥት ሳይሆን ገበያው ራሱ ነው።

በሌላ በኩል በባህር ዳርና በጎንደር መካከል ቦታ በሊዝ ወስዶ ሎጅ ወይም ሆቴል ለመገንባት ያሰበ ባለሀብት አለ እንበል። ይህ ሰው ገንዘብ አለው፣ አርክቴክት አለው፣ የባንክ ብድርም ተፈቅዶለታል። በፕላኑ ላይ የመዋኛ ገንዳ ተስሏል። ውሃው እንዳይቀዘቅዝ በቡታጋዝ የሚሠራ ማሞቂያ ታስቧል። የማሞቂያው ዋጋ፣ የፓምፑ ዋጋ፣ የማጣሪያው ዋጋ በፕሮፎርማው ላይ በዝርዝር ሰፍሯል። በመጨረሻው መስመር ላይ የጭስ ማውጫ ቱቦ፣ የቱቦው ቆብና ማሰሪያ ተጽፏል። ዋጋ ሲከረከር መጀመሪያ የሚሰረዘው ይኸው መስመር ነው። «እሱን እዚሁ በላሜራ እናሠራዋለን፣ ጋሼ» ይላል አገናኙ ደላላ። ባለሀብቱም በቅናሹ ይደሰታል።

ለመሆኑ ባለወፍጮው ያላሰበውን ስህተት ባለሆቴሉ ለምን ይሠራል? መልሱ የትምህርት ማነስ አይደለም። በቅጡ የሚቃጠል ጋዝ ጭሱ አይታይም። በቅጡ ሳይቃጠል ሲቀር የሚወጣው ካርቦን ሞኖክሳይድ ደግሞ ከናካቴው ቀለም የለውም፤ አይሸትም፤ ዓይንም አያስለቅስም። ለሲሊንደሩ ጋዝ ሆን ተብሎ የሚጨመረው መጥፎ ሽታ ጋዙ ሳይቃጠል ሲያፈተልክ ያስጠነቅቃል እንጂ ከተቃጠለ በኋላ አይቀርም። እንግዲህ ደንበኛ የማያየውን ጉድለት ደንበኛ አይቀጣውም። የምጣኔ ሀብት ሰዎች የመረጃ አለመመጣጠን የሚሉት ይህንን ነው። ሻጩ ያውቃል ወይም ማወቅ ነበረበት፤ ገዢው አያውቅም፤ ሦስተኛው ወገን ደግሞ በላይኛው ፎቅ ተኝቷል፤ ዋጋው ሲቆረጥም የጠየቀው የለም።

«በይፋግ ማን ገንዳ ያሞቃል?» የሚል አንባቢ አይጠፋም። ጥያቄው ተገቢ ነው። ይፋግ ከጣና ሐይቅ ወለል ብዙም ከፍ ሳይል 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠ ሞቃታማ ከተማ ነው። ስሙ የሚነሳው በገበያ እንጂ በመዋኛ አይደለም። በ19ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ወደ ጎንደር የዘለቁ የውጭ ተጓዦች የይፋግን ገበያ ደጋግመው ጽፈውታል። የአሞሌ ጨው የጫነ ነጋዴ ከሚያርፍባቸው የበጌምድር ታላላቅ ገበያዎች አንዱ ነበር። ዛሬም ከፎገራ ሜዳ የሚወጣው ሩዝ በዚያ መስመር ያልፋል። ነገር ግን ንግድ ባለበት ማረፊያ አለ፤ ማረፊያ ባለበት ፉክክር አለ፤ ፉክክር ባለበት ደግሞ አንዱ የሌለውን ሌላው ይጨምራል። በ2007 ዓ.ም. መንግሥት ከተባበሩት መንግሥታት የዓለም ቱሪዝም ድርጅት ጋር ሆኖ ሆቴሎችን በኮከብ መመደብ ከጀመረ ወዲህ የባለሀብቱ ዓይን ወደ ገንዳ፣ ወደ ሳውናና ወደ እንፋሎት መታጠቢያ ዞሯል። ከይፋግ ወደ ደብረ ታቦር ሲወጣ ደግሞ ነገሩ ይለያል። 2,700 ሜትር ላይ፣ በጉና ተራራ ግርጌ፣ ያልሞቀ ገንዳ ለፎቶግራፍ እንጂ ለዋናተኛ አይሆንም።

ስለዚህ ሂሳቡን መሥራት ይበጃል። 10 ሜትር ርዝመት፣ 4 ሜትር ስፋትና በአማካይ 1.25 ሜትር ጥልቀት ያለው መለስተኛ ገንዳ 50,000 ሊትር ውሃ ይይዛል። ይህን ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 28 ዲግሪ ለማድረስ 580 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ሙቀት ያስፈልጋል። ማሞቂያው ከሚያቃጥለው ጋዝ ውስጥ 80 በመቶውን ለውሃው ቢያደርስ ወደ 57 ኪሎ ቡታጋዝ ይበላል። ባለ 12 ኪሎ ተኩል ሲሊንደር ቢሆን አምስት ሊሞላ ጥቂት የቀረው ማለት ነው። ይህ ለአንድ ጊዜ ማሞቅ ብቻ ነው፤ ሌሊት ሌሊት የሚጠፋው ሙቀት ገና አልተቆጠረም።

ባለሀብቱ እስከዚህ ድረስ ያለውን ሂሳብ ራሱም ይሠራዋል፤ ጋዝ በገንዘብ ይገዛልና። የማይሠራው ቀጥሎ ያለውን ነው። 57 ኪሎ ጋዝ በቅጡ እንዲቃጠል ቢያንስ 900 ሜትር ኩብ አየር ይፈልጋል። ማሞቂያው የተቀመጠበት ክፍል በየጎኑ 3 ሜትር፣ ቁመቱ 2 ሜትር ተኩል ቢሆን፣ የክፍሉ አየር ሙሉ በሙሉ 40 ጊዜ መለወጥ አለበት ማለት ነው። ከቃጠሎው 170 ኪሎ ያህል ካርቦን ዳይኦክሳይድና ከ90 ሊትር የማያንስ ውሃ በእንፋሎት መልክ ይወጣል። አየር በነጻ ስለሚገኝ በፕሮፎርማ ላይ አይጻፍም። በፕሮፎርማ ላይ ያልተጻፈ ነገር ደግሞ በግንባታው ላይም ይረሳል። የማሽኑ ክፍል በር ተገጥሞለት፣ ሌባ እንዳይገባ መስኮቱ በብሎኬት ተደፍኖ፣ «ቆንጆ ሆኖ ተሠራ» ተብሎ ርክክብ ይፈጸማል።

አየር ያነሰው እሳት ምን እንደሚሆን የኢትዮጵያ እናቶች ከማንም በላይ ያውቃሉ። በክረምት በር ተዘግቶ የተቀጣጠለ ከሰል ስንቱን ቤት በአንድ ሌሊት ጨለማ አድርጎታል። «ከሰሉ ሳይቀላ አታስገቡት» የሚለው ምክር ከልምድ የመጣ ነው፤ ጠቃሚ ቢሆንም ሙሉ አይደለም። የቀላ ከሰልም በተዘጋ ቤት ይገድላል። ካርቦን ሞኖክሳይድ ከኦክስጅን ይልቅ ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ከደም ጋር ስለሚያያዝ፣ ጥቂቱም ቢሆን ቀስ በቀስ ይጠራቀማል። መጀመሪያ ራስ ምታት፣ ቀጥሎ ማቅለሽለሽና ድካም፣ ከዚያም እንቅልፍ የሚመስል ነገር ይመጣል። በደብረ ታቦር ሆቴል ያደረ የአዲስ አበባ እንግዳ ጠዋት ራሱን ቢያመው ምን ይላል? «ደጋው አልተስማማኝም» ይላል። አስተናጋጁም ሻይ ያመጣለታል።

ከሰሉ በቤት ውስጥ እንደሚገድል የሚያውቅ ሰው የጋዝ ማሞቂያው ከምድጃ ጋር የሥጋ ዘመድ መሆኑን ለምን ይዘነጋል? ዕቃው የሚያብረቀርቅ ስለሆነ ይሆናል። ባለቁልፍ፣ ባለመብራት፣ ዲጂታል ቁጥር የሚያሳይ ማሽን ራሱን የቻለ ይመስላል።

ከፍታው ጉዳዩን ያባብሰዋል። ከውጭ የሚመጡት ማሞቂያዎች በሰሌዳቸው ላይ የተጻፈው ጉልበት በአብዛኛው ለባህር ወለልና ለዝቅተኛ ቦታ የተለካ ነው። በይፋግ አንድ ሜትር ኩብ አየር በባህር ዳርቻ ካለው አየር አንድ አምስተኛ ያህል የሳሳ ነው፤ በደብረ ታቦር ከሩብ በላይ የሳሳ ነው። ጋዙ በተለመደው መጠን እየገባ አየሩ ከሳሳ እሳቱ ይታፈናል፤ ሰማያዊ መሆን የነበረበት ነበልባል ቢጫ ይሆናል፤ ካርቦን ሞኖክሳይድም ይበዛል። በዚህ ምክንያት በሙያው የተለመደው ስሌት ከፍታው በ300 ሜትር በጨመረ ቁጥር የማሞቂያውን ጉልበት በ4 በመቶ መቀነስ ነው። በዚህ ስሌት 60 ኪሎዋት ተብሎ የተገዛ ማሽን በይፋግ 45 ኪሎዋት ገደማ ይሆናል፤ በደብረ ታቦር 40 እንኳ አይሞላም። ማስተካከያው የሚደረገው የጋዝ አፍንጫውን በመቀየርና ግፊቱን በመለካት ነው። «በሰሌዳው ላይ ያለውን ነው የሸጥኩህ» የሚል አስመጪ እውነቱን ተናግሯል፤ ግን ገዢው የከፈለው ለሌለ ጉልበት ነው።

በዚያው በይፋግ የተጠቀሰውን ገንዳ በተቀነሰው ጉልበት ለማሞቅ 16 ሰዓት ያህል ይፈጃል። እንግዳ ጠዋት እንዲዋኝ ከተፈለገ ማሽኑ የሚሠራው ሌሊቱን ሙሉ ነው። መስኮት ተዘግቶ፣ ሰው ተኝቶ፣ የሆቴሉ ሥራ አስኪያጅ ቤቱ ገብቶ ባለበት ሰዓት ማለት ነው።

ይህ ስጋት የወረቀት ስጋት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ1977 የአውስትራሊያ ኦፕንን ያሸነፈው አሜሪካዊ የቴኒስ ተጫዋች ቪታስ ገሩላይቲስ እ.ኤ.አ. በመስከረም 1994 በኒውዮርክ ግዛት ሎንግ አይላንድ፣ በወዳጁ ግቢ የእንግዳ ማረፊያ ውስጥ ተኝቶ ሳለ ሞተ። ዕድሜው 40 ነበር። የገደለው በስህተት የተገጠመ የመዋኛ ገንዳ ማሞቂያ ጭስ ነው፤ ካርቦን ሞኖክሳይዱ ወደ ማረፊያው ገብቶ። ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ማሞቂያውን የገጠሙት ተከሰው ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1996 በነጻ ተሰናበቱ። ቦታው ከአሜሪካ ሀብታም ሰፈሮች አንዱ ነው። ገንዘብ ስላለ ብቻ ጭስ በትክክል አይወጣም።

ለባለሆቴል ይበልጥ የሚያስደነግጠው ሁለተኛው ታሪክ ነው። በሰሜን ካሮላይና ግዛት ቡን በምትባል ከተማ ባለ አንድ ሆቴል እ.ኤ.አ. በሚያዝያ 2013 አረጋውያን ባልና ሚስት በመኝታ ክፍላቸው ሞተው ተገኙ። ምን እንደገደላቸው ወዲያው አልታወቀም። ክፍሉ እንደገና ተከራየ። ሁለት ወር ሳይሞላ፣ በሰኔ መጀመሪያ፣ በዚያው ክፍል የ11 ዓመት ልጅ ሞተ፤ እናቱ በከባድ ጉዳት ተረፈች። ክፍሉ የሚገኘው ከመዋኛ ገንዳው ማሞቂያ ክፍል በላይ ነበር። ምርመራው ሲደረግ የማሞቂያው ጭስ ማውጫ ቱቦ ዝጎ ተበሳስቶ ተገኘ። ማሞቂያው ከዚያ በፊት ከአንድ የጋዝ ዓይነት ወደ ሌላ ተቀይሮ ነበር። ከዚያ በኋላ ግዛቲቱ በማረፊያ ቤቶች የካርቦን ሞኖክሳይድ ማስጠንቀቂያ መሣሪያ እንዲገጠም በሕግ አዘዘች። ሦስት ሰው ከሞተ በኋላ የታዘዘው ደወል ግድግዳ ላይ በሁለት ብሎን የሚታሰር ትንሽ ዕቃ ነው።

የእኛም ሰው ከዚህ አልዳነም። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2021 የቴክሳስ ግዛት በበረዶ ሲመታና መብራት ሲጠፋ፣ በሂዩስተን አንድ ኢትዮጵያዊ ቤተሰብ ከቤቱ ጋር በተያያዘ ጋራዥ ውስጥ መኪና እንደተነሳ ጭሱ ወደ ቤት ገብቶ እናትና ልጅ ሞተዋል። እሳት አልነበረም፣ ቃጠሎ አልነበረም። ሞተር ሠራ፣ ጭሱ መውጫ አጣ፣ ያ ብቻ።

እንግዲህ ትክክለኛው አሠራር ምንድን ነው? ከሁሉ የሚሻለው ማሞቂያውን ከነጭራሹ ቤት ውስጥ አለማስገባት ነው። ለውጭ ተብሎ የተሠራ ማሞቂያ በክፍት ቦታ፣ ከመስኮትና ከበር ርቆ፣ በሲሚንቶ መደብ ላይ ቢቀመጥ አብዛኛው ችግር ይቀላል። ከዝናብና ከሌባ ለመከላከል ጣራና የሽቦ አጥር ይበቃዋል። ብዙ ሰው ግን «ገጽታ ያበላሻል» ብሎ ይደብቀዋል፤ አንዳንዱ ከደረጃ ሥር፣ አንዳንዱ ከመሬት በታች ባለው የፓምፕ ክፍል። ይህ ሁለተኛው ክፉ ነው። ቡታጋዝ ከአየር ስለሚከብድ ያፈተለከው ጋዝ ወደ ታች ወርዶ እንደ ውሃ ይተኛል፤ አንድ ብልጭታ ይበቃዋል። ስለዚህ የማሽን ክፍል ወለል ከግቢው ወለል በታች መሆን የለበትም።

ቤት ውስጥ መግባቱ ግድ ከሆነ ጭሱ በራሱ ቱቦ ከጣሪያ በላይ መውጣት አለበት። ቱቦው ከማሞቂያው አፍ መጥበብ የለበትም። ወደ ጎን የሚሄድበት ቦታ ካለ በየሜትሩ ቢያንስ 2 ሳንቲ ሜትር ወደ ላይ እያዘነበለ ይሄዳል እንጂ አይወርድም። ጫፉ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለ ከማንኛውም የጣሪያ ክፍል ወይም ግድግዳ 60 ሳንቲ ሜትር ከፍ ይላል፤ አለበለዚያ ከጣና በኩል የሚነሳው የከሰዓት ነፋስ ጭሱን መልሶ ይገፋዋል። በማራገቢያ እየተገፋ በግድግዳ የሚወጣ ዓይነት ከሆነ የአሜሪካ ደንብ ከመስኮት ጎን ወይም ሥር ቢያንስ 1.2 ሜትር እንዲርቅ ያዛል። ከዚህ በተጨማሪ ለሚቃጠለው አየር ሁለት ቀዳዳ ያስፈልጋል፤ አንዱ ከወለሉ አጠገብ፣ አንዱ ከጣሪያው አጠገብ፣ ሁለቱም ወደ ውጭ የሚከፈቱ። በዚያው ደንብ ለ60 ኪሎዋት ማሞቂያ እያንዳንዱ ቀዳዳ 18 በ18 ሳንቲ ሜትር ያህል መሆን ይኖርበታል። ወንፊት ወይም ፍርግርግ ከተገጠመበት ደግሞ ከዚያ ይሰፋል።

በአገሩ በያጅ የተሠራ የላሜራ ቱቦ ምን ችግር አለው? ለወፍጮ ምንም። ለጋዝ ማሞቂያ ግን ችግር አለው። ቀደም ብሎ የተጠቀሰው 90 ሊትር ውሃ ቀዝቃዛ ቱቦ ሲነካ ወደ ጠብታነት ይመለሳል፤ ጠብታው አሲድነት አለው፤ ተራ ላሜራን ከውስጥ ይበላዋል። ድርብ ግድግዳ ያለው ቱቦ የሚመረጠው ሙቀቱ ሳይበርድ ጭሱ እንዲወጣ ነው። የገንዳ ባለቤቶች ደግሞ ሌላ ልማድ አላቸው፤ ክሎሪኑን ከማሞቂያው አጠገብ ያስቀምጣሉ፤ ሁለቱም የገንዳ ዕቃ ነው በሚል። የክሎሪን ትነት በእሳቱ ውስጥ ሲያልፍ ወደ ሃይድሮክሎሪክ አሲድ ይቀየራል፤ ማሞቂያውንም ቱቦውንም በአጭር ጊዜ ይበሳዋል። ይህን ልማድ ማቆም ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ክሎሪኑን ወደ ሌላ መጋዘን ማዛወር ብቻ ነው።

ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ብር በገበያ ዋጋ እንዲመነዘር ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ዕቃ ሁሉ ምን ያህል እንደከበደ ለነጋዴ መንገር ለቀባሪው ማርዳት ነው። የቱቦው መስመር የሚሰረዘው በክፋት ሳይሆን በዚህ ጭንቀት መሆኑ ይታመናል። ይሁንና ከጠቅላላ ወጪው ትንሹን መስመር ሰርዞ ትልቁን ንብረት ለአደጋ ማጋለጥ የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ጣለች ነው። የ1952ቱ የፍትሐ ብሔር ሕግ በቁጥር 2077 የህንፃ ባለቤት ህንፃው ላደረሰው ጉዳት፣ ጉዳቱ ያልታሰበ ቢሆንም እንኳ፣ ኃላፊ ያደርገዋል። ጭስ የህንፃው ነው ወይስ የማሽኑ በሚለው ላይ ጠበቆች ሊከራከሩ ይችላሉ፤ ክርክሩ በሚካሄድበት ጊዜ ግን የሆቴሉ ስም አብሮ ችሎት ይቆማል። የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011ም ቢሆን አሠሪው ለሠራተኛው ደህንነትና ጤንነት አስፈላጊውን ጥንቃቄ እንዲያደርግ ያስገድዳል። የገንዳ ሠራተኛውና ዘበኛው ሠራተኞች ናቸው።

ሕግ አለ ማለት ግን ቁጥጥር አለ ማለት አይደለም። የወረዳ የግንባታ ባለሙያ ብረቱንና ኮለኑን ያያል፤ ስንት የጋዝ ቃጠሎ መለኪያ መሣሪያ ይዞ እንደሚዞር ግን ለመገመት ነቢይ መሆን አያሻም። ስለዚህ የወፍጮ ቤቷ ደንበኛ የምታደርገውን የሚያደርግ ሌላ ሰው መፈለግ የግድ ይላል። ይህ ሰው ገዢው ነው፤ ገዢውን የሚያመጣው ደላላም ነው። ሥራ ላይ ያለ ሆቴል ሲሸጥ ደላላው ስለ አልጋ ብዛት፣ ስለ ሴራሚኩና ስለ ጄኔሬተሩ ሲናገር ይውላል። ጭስ ማውጫው የት እንደሚያልቅ የሚጠይቅ ገዢ ቢመጣ ዋጋው ያን ዕለት ይለወጣል። ለሀራጅ የቀረበ ንብረት የሚገምት የባንክ ባለሙያም ከማሽኑ ክፍል በር ላይ ተመልሶ መሄድ የለበትም። ኢንሹራንስ ኩባንያ ከአደጋ በኋላ የሚጠይቀውን ጥያቄ ውል ከመፈረሙ በፊት ቢጠይቀው ዓረቦኑም ትርጉም ይኖረዋል። ሦስቱም ቢጠይቁ የተሰረዘው መስመር ወደ ፕሮፎርማው በራሱ ጊዜ ይመለሳል። አስመጪው የሚሸጠው ገዢ የሚጠይቀውን ነው።

ጭስ ማውጫ የማያስፈልገው ሙቀትም መኖሩን መርሳት አይገባም። በዚያው በደቡብ ጎንደር በደራ ወረዳ ዋንዛዬ ፍል ውሃ አለ፤ ያለ ጋዝና ያለ ቱቦ ሰው ሲታጠብበት ኖሯል። አዲስ አበባም የተቆረቆረችው በፍል ውሃ ዙሪያ ነው። ፍል ውሃ የሌለው ደግሞ ፀሐይ አለው። ከገንዳ ከሚጠፋው ሙቀት ትልቁ ድርሻ በትነት ስለሚጠፋ ሌሊት ላይ የሚዘረጋ የፕላስቲክ ሽፋን ብቻውን የጋዙን ሂሳብ በብዙ ይቀንሰዋል። በይፋግ አየር ጠባይ ሽፋንና በጣሪያ ላይ የሚዘረጋ ጥቁር የፀሐይ ማሞቂያ ቱቦ ካለ ጋዙ ከናካቴው ላያስፈልግ ይችላል። የሽፋኑ ሻጭ ግን ኮሚሽኑ አነስተኛ ስለሆነ ደላላ አይከተለውም። በኤሌክትሪክ የሚሠራው ሂት ፓምፕ ለአንድ ኪሎዋት ሰዓት መብራት ብዙ እጥፍ ሙቀት ይሰጣል፤ ጭስም የለውም። ችግሩ መብራቱ ሲጠፋ ነው፤ ያኔ ጄኔሬተር ይነሳል፤ ጄኔሬተሩም በተራው ጭሱ በየት እንደሚወጣ ይጠየቃል።

ደብረ ታቦር ላይ ግን ጋዝ የመረጠ ባለሀብት አይወቀስም፤ ብርዱ ብርድ ነው። ብርዱ የሚያመጣው አንድ ተጨማሪ ነገር አለ። ሌሊት ግቢ የሚጠብቅ ዘበኛ በሐምሌ ጉም ውስጥ ቆሞ ሲያድር ሙቀት ያለበትን ቦታ ይፈልጋል። በግቢው ውስጥ ሞቃቱ ክፍል የማሞቂያው ክፍል ነው። ጋቢውን ይዞ ይገባል፤ በሩን ይዘጋል። ከወለሉ አጠገብ ባለው ቀዳዳ ብርድ ሲገባበት በባዶ የማዳበሪያ ከረጢት ይደፍነዋል። ይህን ሲያደርግ የሚያየው የለም፤ ጠዋት ከረጢቱን ቢያነሳው ደግሞ የተደፈነ ነገር ነበረ የሚል ማስረጃም አይኖርም። ቀዳዳው ሲሠራ በማይነሳ የብረት ፍርግርግ መታሰር፣ ዘበኛውም የራሱ የሆነ ሙቅ መጠለያ ማግኘት ይኖርበታል፤ ዋጋውም ከቱቦው ጋር አብሮ በፕሮፎርማው ውስጥ ይገባል።